የቦኒ ኤም «ሪቨርስ ኦፍ ባቢሎን» በሦስት ድምፅ፦ እስካሁን የተደረሰበት

ቦኒ ኤም የተባለው የሙዚቃ ቡድን የዘፈነውን ይህን ዘፈን በሦስት ተቀባይ ድምፅ እየተለማመድን ነው። ቦኒ ኤምን ለማጥናት መድረኩን ከማየት ቅጂውን መስማት ይሻላል። መድረክ ላይ አራት ሰዎች ይታያሉ፤ ሊዝ ሚቼልና ማርሲያ ባሬት ከጃማይካ፣ ሜዚ ዊሊያምስ ከሞንትሰራት፣ ቦቢ ፋረል ከአሩባ። የቅጂዎቹ ዋና ድምፆች ግን ሚቼል፣ ባሬትና ጀርመናዊው ፕሮዲዩሰር ፍራንክ ፋሪያን ናቸው። ፋረል ይጨፍር የነበረው በፋሪያን ድምፅ ነው።

ዘፈኑን በሲ ሜጀር ብንይዘው ኮርዶቹ (አብረው የሚመቱ ድምፆች ስብስቦች) ሦስት ብቻ ናቸው፦ ሲ፣ ኤፍ፣ ጂ። መግቢያው ላይ ያሉት ሲና ጂ ብቻ ናቸው፤ ኤፍ የሚመጣው እስራኤላውያንን የማረኩት «ዘምሩልን» የሚሉበት ቦታ ላይ ነው።

ድካሙ ያለው ተቀባዮቹ ጋ ነው። ሲ ላይ ሚ፣ ሶል፣ ዶ ተከፋፈሉ። ወደ ጂ ሲኬድ ሶል ባለበት ይቆያል፣ ሚ ወደ ሬ፣ ዶ ወደ ቲ ይወርዳል። የሚበላሸው ዶ የያዘው ሰው ጋ ነው፤ መውረድ ያለበት ግማሽ ድምፅ ብቻ ሆኖ ሳለ አብዝቶ ይወርድና ኮርዱ ይጎመዝዛል። ዶና ቲን ብቻ በኪቦርድ እያስመቱ፣ አፍ ዘግቶ ሃያ ጊዜ ማንጎራጎር ያስተካክለዋል። ከዚያ ሦስቱም ሁለት ሁለት ጊዜ ይቀዱ፤ ስድስት ድምፅ ይሆናል። «ሪቨርስ» የሚለው ቃል መጨረሻ ላይ ያለችውን «ስ» ግን አንድ ሰው ብቻ ያሰማት፤ አለዚያ ስስስ እያለች ትበተናለች።

ኪቦርዱ «አንድ-እና-ሁለት-እና» ሲቆጠር «እና» ላይ ብቻ ይመታል፤ እጅ ወዲያው ይነሳል፣ እግርም ከፔዳል ይውጣ። ፔዳል ከተረገጠ ክፍተቱ ይሞላና የካሪቢያን ጣዕሙ ይጠፋል። ሜትሮኖም (ምት ቆጣሪ) በደቂቃ 80 ምት ላይ አድርጋችሁ ጀምሩ።

ግጥሙን ከመያዛችሁ በፊት በ1970 ሜሎዲያንስ የተባሉት ጃማይካውያን የቀዱትን ስሙ። መሠረቱ በእኛ ዳዊት 136ኛው መዝሙር ነው፦ «በባቢሎን ወንዞች አጠገብ በዚያ ተቀመጥን»። ጃማይካውያኑ «የኪንግ አልፋን መዝሙር በባዕድ ምድር እንዴት እንዘምር» ይላሉ፤ ለራስተፈሪያን ኪንግ አልፋ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። በ1978 በወጣው በቦኒ ኤም ቅጂ ውስጥ ይህ «የጌታን መዝሙር» ሆኗል። ያ ቅጂ በብሪታኒያ ለአምስት ሳምንት አንደኛ ሆኖ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። ያም ሆኖ ለእኛ ጆሮ የጃማይካውያኑ ቃል የበለጠ ክብደት አለው፤ በሚቀጥለው ልምምድ «ኪንግ አልፋ» ተብሎ ይዘፈናል።