እንግዳው ውሃ

ከተመረቅሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። 2003 ዓ.ም. ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት የ13 አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች ግንባታ ተጀምሮ ስለነበር አገሩ ሁሉ ሳይት ነበር ማለት ይቻላል። ሲቪል ኢንጂነሪንግ የጨረሰ ልጅ ሥራ ፍለጋ ብዙም አይንከራተትም። እኔም በአንድ ኮንትራክተር ሥር ሳይት ኢንጂነር ሆኜ ወደ አንዲት የደጋ ከተማ ተላክሁ። የከተማዋንም የድርጅቱንም ስም ልተወው።

ሥራችን ስድስት የተማሪ ማደሪያ ሕንፃዎች መገንባት ነው። ቦታው ድሮ የግጦሽ ሜዳ ነበር። አሁን ዙሪያው በአጥር ተከብቧል፤ ከአጥሩ በታች ደግሞ ቁልቁል የሚወርድ የጭቃ ቤቶች ሰፈር አለ።

ከሳይቱ በር አጠገብ በላስቲክ የተወጠረች ዳስ ነበረች። ባለቤቷን ሁላችንም እማማ እንላቸዋለን። ሻይ፣ አምባሻና ንፍሮ ይሸጣሉ። በዱቤም ይሰጣሉ። ደብተር የላቸውም፤ የ80 ሠራተኛ ዕዳ በጭንቅላታቸው ይዘው ቅዳሜ ደመወዝ ሲከፈል በር ላይ ይጠብቃሉ። አንድ ቀን እንኳ ተሳስተው አላየሁም። (የኛ ሂሳብ ሠራተኛ ግን በየሳምንቱ ይሳሳታል።) ልጃቸው እኛ ጋ ረዳት ፌራዮ (የአርማታ ብረት ሠራተኛ) ሆኖ ተቀጥሯል። ከቤታቸው ጀርባ ያሉትን ሁለት ክፍሎችም ለግንበኞቻችን አከራይተዋል።

ባለሥልጣን ለጉብኝት ሲመጣ «ፕሮጀክቱ ለአካባቢው ማኅበረሰብ ምን ጠቀመ?» ተብሎ መጠየቁ አይቀርም። እኔ ታዲያ ወደ እማማ ዳስ ነበር የምጠቁመው። ደስ ብሎኝ ነው የምጠቁመው፤ ደግሞም ውሸት አልነበረም።

ሰኔ ገባ። የስድስቱም ሕንፃዎች ጣራ አልቋል። አሸንዳው ተገጥሟል፣ መውረጃ ቱቦውም ወርዷል። አንድ ምሽት ያ የደጋ ዝናብ ወረደ። ቆርቆሮው ላይ እንደ ከበሮ ይመታል። እኔ ካምፕ ውስጥ ተኝቼ «ጣራችን አላፈሰሰም» እያልኩ ደስ ይለኛል።

በማግስቱ ጠዋት እማማ ዘገዩ። ሦስት ሰዓት ገደማ ፔርሙዛቸውን ይዘው መጡ። የነጠላቸው ጫፍ በጭቃ ተለውሷል። ምንም ሳይሉ ሻይ ቀዱልኝ።

«እማማ፣ ዛሬ ምነው ዘገዩ?»

«እንግዳ መጥቶብኝ።»

«የምን እንግዳ?»

«የናንተ ውሃ ነዋ፣ ልጄ። ሳያንኳኳ ገባ።»

ሻዩን አስቀምጬ ተከትያቸው ሄድኩ። በግድግዳቸው ላይ ውሃው የደረሰበት መስመር ከጉልበቴ ከፍ ይላል። መረጉ ረግፎ እንጨቱ ታይቷል። የተከራዮቹ ፍራሽ ውጭ ተሰጥቷል። ለክረምቱ ያስቀመጡት አንድ ከረጢት ጤፍ ረጥቦ አብጧል። ሌሎች አራት ቤቶችም እንዲሁ ናቸው። ማንም አልጮኸብኝም። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር።

ማታ ካልኩሌተር ይዤ ተቀመጥኩ። አንዱ ጣራ 60 ሜትር በ18 ሜትር ነው። ስድስቱ ሲደመሩ 6,480 ካሬ ሜትር። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ነው። 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ ወደ 194 ሺህ ሊትር ይሆናል። 10 ሺህ ሊትር በሚይዝ ቦቴ ብናስበው፣ 19 ቦቴ ውሃ በአንድ ምሽት እማማ ደጃፍ ላይ ደፍተናል ማለት ነው። ሜዳው ሳር በነበረበት ጊዜ መሬቱ ብዙውን ይጠጣው ነበር፣ የተረፈውም ቀስ ብሎ ነበር የሚወርደው። ቆርቆሮ ግን አይጠጣም።

ፕላኑን ዘረጋሁት። የውሃ ማስወገጃው መስመር ከየሕንፃው ተነስቶ አጥሩ ጋ ይደርሳል። እዚያ ጋ አንዲት ትንሽ ቀስት ተስላለች። ከቀስቷ በኋላ ያለው ነጭ ወረቀት ነው። የእማማ ቤት የለም፣ መንገድ የለም፣ ዛፍ የለም። ያን ፕላን ስንት ወር ሙሉ በየቀኑ ሳገላብጠው፣ ቀስቷ ወዴት እንደምታመለክት አንድ ቀን አልጠየቅሁም።

ስብሰባ ተጠራ። አለቃዬ «በውላችን ውስጥ ከአጥር ውጭ ሥራ የለም» አለ። አማካሪው በዚህ ተስማማ፤ በሌላ ነገር ተስማምተው አያውቁም። የግቢው ፕሮጀክት ቢሮ ለሚቀጥለው በጀት ዓመት ይያዝ አለ። የማዘጋጃ ቤቱ ሰው ደግሞ «ውሃው የግቢው ነው» ብሎ ወጣ። ሁሉም ልክ ነበሩ። ዝናቡም ልክ ነበር፤ በየቀኑ ይመጣል።

ከስብሰባው ወጥቼ እንደገና ወደ ሰፈሩ ወረድኩ። እማማ በአካፋ ደጃቸውን እየጠረጉ ነበር።

«እማማ፣ ድሮ ዝናብ ሲመጣ ምን ታደርጉ ነበር?»

ቀና ብለው አዩኝ። «ድሮማ ፈፋው ይወስደው ነበር።»

«የትኛው ፈፋ?»

«እናንተ የደፈናችሁት ነዋ።»

በአካፋቸው እጀታ ወደ አጥሩ ጥግ ጠቆሙ። ያኔ ነው ላብ ያጠመቀኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያ ሜዳ ዋልካ አፈር ነው። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ በላዩ ላይ ሕንፃ አይቆምም። ስለዚህ ከመሠረቱ ስር እየተቆረጠ ይወጣና በገረጋንቲ ይተካል። የወጣው አፈር እንዲደፋ የተፈቀደው ቦታ ከከተማው ውጭ 6 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ሲኖትራክ እየተመላለሰ ናፍጣ ከሚጨርስ ብዬ «እዚያ ጥግ ያለው ጎድጓዳ ውስጥ ድፉት» ያልኩት እኔ ነኝ። የየቀኑ ሥራና ትእዛዝ በሚመዘገብበት ደብተር፣ በሳይት ቡኩ ላይ የፈረምኩትም እኔ ነኝ። በዚያ ወር ወጪ ቆጠብክ ተብዬ ተመስግኛለሁ። ጎድጓዳ ያልኩት ነገር የሰፈሩ ሰው ስንት ዘመን ውሃውን ሲሸኝበት የኖረ ፈፋ ነው። በበጋ ስለሆነ ያየሁት፣ ደረቅ ነበር።

ፎርማናችን በሥራው ያረጁ ሰው ናቸው። ጋሼ ነበር የምላቸው። ነገርኳቸው። «ታዲያ እኚህን ሴትዮ መጀመሪያ ለምን አልጠየቅካቸውም?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ሻይ በቀን ሦስት ጊዜ እየጠጣሁ ከእማማ ጋር የማወራው ስለ ስኳር ነበር።

ሳይት ቡኩን ይዤ አለቃዬ ጋ ገባሁ። ፊርማዬን አሳየሁት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ የሰደበኝን ስድብ እዚህ አልጽፈውም። ቢሆንም ኤስካቫተሩን ሰጠኝ። «ማንም አይከፍለንም፣ እወቀው» አለ። እውነቱን ነው፣ ማንም አልከፈለም። አራት ቀን ፈጀ። የደፋነውን አወጣን፣ አፈሩም መሄድ ወደነበረበት 6 ኪሎ ሜትር ተጋዘ።

እሑድ ግንበኞቹና ፌራዮዎቹ ሳይጠሩ መጡ። ጭቃ ከጭድ ጋር ረገጡና የአምስቱንም ቤት ግድግዳ መረጉ። ጋሼ ከደመወዛቸው አንድ ከረጢት ጤፍ ገዙ። እኔ ግማሹን ልክፈል ብላቸው «አንተ ሙሉውን ነው የምትከፍለው፣ እኔ አበድሬህ ነው» አሉኝ። በሁለት ወር ከፍዬ ጨረስኩ።

ፈፋውን በድንጋይ የማሳነጹ ነገር ቆይቶ ተፈቀደ። የግቢው ሰዎች ተጨማሪ ሥራ አድርገው ያዙት። የሠሩት ለግቢው ኮብልስቶን የሚጠርቡት የቀበሌው ማኅበር ወጣቶች ናቸው። ከላዩ ልጆች የሚሻገሩበት የአርማታ ድልድይም ተደረገበት። ከዚያ በኋላ ጎብኚ ሲመጣ ከዳሷ ቀጥሎ ወደዚያ ነበር የምወስደው፤ ፈፋውን ማን እንደደፈነው የጠየቀኝ ጎብኚ የለም።

ፈፋው በተከፈተ በሳምንቱ፣ ሐምሌ ውስጥ፣ ከመጀመሪያው የባሰ ዝናብ ወረደ። እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሌሊት በባትሪ ልወርድ ወጥቼ ጥበቃው ጅብ አለ ብሎ መለሰኝ። ሲነጋ በር ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። እማማ አንድ ሰዓት ላይ መጡ፤ ነጠላቸው ነጭ ነው።

«እማማ፣ ትናንት እንግዳ አልመጣም?»

«መጣ እንጂ» አሉ ብርጭቆውን እያለቀለቁ። «በደጅ አልፎ ሄደ። ስኳር ስንት ላድርግልህ?»