ጌታ ሰማ፦ የአንዲት እናትና የልጇ ምስክርነት ከሲልቨር ስፕሪንግ

የእግዚአብሔር ስም ብሩክ ይሁን። ይህን የምንመሰክረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አዲስ የሚመጡ ቤተሰቦችን የምንቀበል የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ነን። እህታችን «ስሜ አይጠራ እንጂ ተናገሩት» ብላናለች። በዲቪ ከሰባት ዓመት ልጇ ጋር መጥታ ዘመድ ቤት ያረፈች እናት ናት። በሰጠችን ቁራጭ ወረቀት ላይ ሁለት የጸሎት ርዕስ ነበር፦ ግሪን ካርዳቸው እንዲመጣና ልጁ ትምህርት ቤት እንዲገባ። ሁለቱም ተመልሰዋል። ሦስተኛው ወረቀቱ ላይ አልነበረም፤ የከበደው ግን እሱ ነው። ጌታ ምን እንዳደረገ ስንናገር በየትኛው ወረቀትና በየትኛው መስኮት እንዳደረገው ካልጨመርንበት፣ ነገ የሚመጣው ወገን «አሜን» ብሎ ባዶ እጁን ይመለሳል።

ካርዱን በአጭሩ እንለፈው። ለአንድ ሰው 235 ዶላር የሆነው የኢሚግሬሽን ክፍያ በኢንተርኔት ተከፍሎ ነበር። ካርዱ ከገቡበት ወይም ከከፈሉበት ቀን፣ ከሁለቱ ከዘገየው ተቆጥሮ፣ እስከ 90 ቀን ሊቆይ ይችላል። የእናትየው መጣ፤ የልጁ ቀረ። ምክንያቱ ፖስታ ሳጥኑ ነው። ሳጥኑ ላይ የዘመድየው ስም አለ፣ የእርሷም ተጨምሯል፤ የልጁ ግን አልተጻፈም። በእኛ አጠራር ልጅ በአባቱና በአያቱ ስለሚጠራ የእናትና የልጅ የመጨረሻ ስም አይገጥምም። ፖስታ አዳዩ የማያውቀውን ስም ሲያይ «እዚህ የለም» ብሎ ይመልሰዋል። ስለዚህ ከመጡበት ቀን ጀምሮ የእያንዳንዱ ሰው ሙሉ ስም፣ የሕፃኑም ጭምር፣ በፓስፖርቱ ላይ ባለው ፊደል ተጽፎ ሳጥኑ ውስጥ ይለጠፍ። ለተመለሰው ካርድ «አልደረሰኝም» የሚለው ጥያቄ በኢሚግሬሽኑ ድረ ገጽ ተሞላ፣ ስሙም ተለጠፈ፤ ካርዱ መጣ። እስከዚያው እህታችን በከንቱ ተጨንቃለች። የኢሚግራንት ቪዛው ፓስፖርቱ ላይ ሆኖ መግቢያው ላይ ማኅተም ከተመታበት ለአንድ ዓመት እንደ ግሪን ካርድ ያገለግላል፤ ሥራም ያስቀጥራል። ይህን የነገራት ሰው አልነበረም።

ትምህርት ቤቱ ላይ ያጋጠመው የክትባት ካርድ ነው። ብዙ ቤተሰብ የሚሰናከለው እዚሁ ላይ ነውና ልብ በሉ። ልጁ የተወለደው በጥቅምት 2010 ዓ.ም ነው፤ ፓስፖርቱ ኦክቶበር 2017 ይላል። ከሀገር ቤት የመጣው ካርድ ላይ ኩፍኝ የተከተበበት ቀን 15/11/2010 ተብሎ በእስክሪብቶ ተጽፏል፤ ሐምሌ 15 ማለት ነው። የትምህርት ቤቷ ነርስ አሜሪካዊት ናት፣ መጀመሪያ ወሩን ታነባለች። አሥራ አምስተኛ ወር ስለሌለ ገልብጣ «ኖቬምበር 15፣ 2010» አለችው። ልጁ ከመወለዱ ሰባት ዓመት አስቀድሞ ተከትቧል ማለት ነው! ካርዱን አልቀበልም አለች፤ ሐሰተኛ ሰነድ መስሏት ቢሆንም አይፈረድባትም። መፍትሔው ቀላል ነው። ሲተረጎም የኢትዮጵያው ቀን ሳይጠፋ ከጎኑ የፈረንጁ ቀን ይጻፋል፣ ወሩ ግን በቁጥር ሳይሆን በስሙ፦ ጁላይ 22፣ 2018።

ቀኑ ተስተካክሎም ያ ክትባት አልተቆጠረም። እዚህ አሜሪካ የኩፍኝ ክትባት የሚቆጠረው ልጁ አንድ ዓመት ከሞላው በኋላ የተሰጠ ሲሆን ነው፤ በሀገራችን የመጀመሪያው የሚሰጠው በዘጠኝ ወር ነው። በዚያ ላይ እዚህ የሚጠየቀው ኩፍኝን፣ ጆሮ ደግፍንና ሩቤላን አንድ ላይ የያዘው ነው፣ ሁለት ጊዜ። ጉድፍም፣ እዚህ ቺክንፖክስ የሚሉት፣ እንደዚሁ ሁለት ጊዜ። እነዚህ ሁለቱ ሕያው ክትባቶች፣ ማለትም የተዳከመ ሕያው ቫይረስ የያዙ ናቸው፤ ወይ በአንድ ቀን ይሰጣሉ፣ ወይ በመካከላቸው 28 ቀን ይቆያል። አንዱን ዛሬ ወስዶ ሌላውን በሁለተኛው ሳምንት የወሰደ ልጅ የኋለኛውን እንደገና ይወጋል። «ደግሞ ሊወጉት ነው» ብሎ የሚሰጋ ወላጅ አለ፤ በማስረጃ እጦት መድገሙ ልጁን አይጎዳውም።

እህታችን ስታለቅስ የጸለይነው «ጌታ ሆይ፣ በር ክፈት» ብለን ነው። በሩ ሻንጣ ውስጥ ነበር። ለቪዛው የጤና ምርመራ ሲደረግ ልጁ አዲስ አበባ ላይ ተከትቦ ነበር፤ የዚያ ሰነድ ቅጂ ከእርሷ የደረት ራጅ ጋር በአንድ ፖስታ ታሽጎ ልብስ ስር ተቀምጧል። የፈረንጅ ቀን፣ የእንግሊዝኛ ስም፣ ሁሉም አለበት። የጎደለው ሁለተኛው ዙር ብቻ ሆነ። ለእሱም ሜሪላንድ መንገድ አላት፦ የክትባት ቀጠሮ መያዙን የሚያሳይ ወረቀት ያቀረበ ልጅ ሳያሟላ እስከ 20 ቀን ድረስ መማር ይችላል። ኢንሹራንስ ለሌለው ልጅ ክትባቱ ከ1994 ጀምሮ ባለው የፌዴራል ፕሮግራም በነፃ ነው። ክሊኒኩ የሜሪላንድን የክትባት ማስረጃ ቅጽ፣ ፎርም 896ን፣ ሞልቶ ሰጠ፣ ልጁም ገባ። ሃሌ ሉያ!

ምዝገባው ላይ ሁለት ነገር እንጨምር። «ቤት ውስጥ የምትናገሩት ቋንቋ ምንድን ነው?» የሚል መጠይቅ ይሰጣል። ልጄን ዝቅ ያደርጉብኛል ብለው «እንግሊዝኛ» የሚሉ ወላጆች ልጃቸውን ከቋንቋ ድጋፉ ያስቀሩታል። አማርኛ ከሆነ አማርኛ በሉ። ክፍል ደግሞ የሚመደበው በዕድሜ ነው፤ አምስት ዓመቱን እስከ ሴፕቴምበር 1 ያልሞላ ልጅ ኪንደርጋርተን፣ ማለትም ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለውን፣ የሚጀምረው በቀጣዩ ዓመት ነው። ልጇ ሁለተኛ ክፍል ጀምሮ ቢመጣም፣ የጥቅምት ልጅ ስለሆነ አንደኛ ገባ። ከፍቷት ነበር፤ ለቋንቋው ግን ጠቀመው።

ከዚያ ልጁ ዝም አለ፤ ወረቀቱ ላይ ያልነበረው ሦስተኛው ይህ ነው። ቤት ውስጥ እንደ ወትሮው ያወራል፣ ይጣላል፣ ይዘምራል፤ የትምህርት ቤቱን ደጃፍ ሲያልፍ ግን ቃል አይወጣውም። ወራት አለፉ። አንዳንድ ወገኖች በቅን ልብ «የዲዳ መንፈስ ነው» ብለው ገሠጹ። ልጁ ፊት ባይባል ጥሩ ነበር፤ ሰምቶ በእናቱ ቀሚስ ተሸሸገ። የቋንቋ መምህራን ይህን ጠንቅቀው ያውቁታል፦ አዲስ ቋንቋ ውስጥ የገባ ልጅ መጀመሪያ ያዳምጣል፣ ይሰበስባል፣ አይናገርም። ሳምንታት ሊሆን ይችላል፣ ግማሽ ዓመትም ሊደርስ ይችላል። ወደ ሐኪም የሚያስኬደው በአማርኛም ዝም ካለ፣ ከኋላው ሲጠሩት ካልዞረ፣ ወይም ያውቃቸው የነበሩ ቃላት ከጠፉበት ነው፤ ያን ጊዜ መጀመሪያ የሚመረመረው ጆሮው ነው።

ጌታ ምስጢሩን የገለጠው በውኃ ኮዳ ነው። ጠዋት ሞልታ የምትሰጠው ኮዳ ማታ እንደ ሞላ ይመለሳል። ልጁ ደግሞ ከአውቶቡስ ወርዶ፣ ጫማውን ሳያወልቅ፣ ቦርሳውን እንዳዘለ በቀጥታ ሽንት ቤት ይሮጣል። በትምህርት ቤት የምትሠራ አንዲት እህት ይህን ስትሰማ ወዲያው ገባት፦ ሽንት ቤት ለመሄድ መጠየቅ ስለማይችል ውኃ አይጠጣም። ከውኃ ጥሙ ጋር ራስ ምታትና ድካም ይመጣል፤ የደከመ ልጅ ደግሞ የባሰ ዝም ይላል።

እናትየው ወደ ትምህርት ቤቱ ደውላ «አምሃሪክ ፕሊስ» አለች። ያ ይበቃል፤ ወላጅ በሚገባው ቋንቋ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ የትምህርት ቤቱ ነው፣ ክፍያ የለውም። ልጁ ራሱ እንዲያስተረጉም ግን አይደረግ። መምህሯ አራት ሥዕል በላስቲክ አስለብሳ ጠረጴዛው ጥግ ላይ ለጠፈችለት፦ ሽንት ቤት፣ ውኃ፣ አሞኛል፣ አልገባኝም። ጣቱን ማሳረፍ ብቻ ነው። ዓረፍተ ነገር ቢያስጠኑት ምን ነበር የምትሉ ትኖራላችሁ፤ የሚፈራው እኮ ሃያ ልጅ ፊት አፉን መክፈቱን ነው። ቤት ውስጥም እናቱ መምህር እየሆነች አለማመደችው። «በእንግሊዝኛ ብቻ አናግሪው» የሚለውን የዘመድ ምክር ተከትላ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ማውራት ጀምራ ነበር፤ ትታ ወደ አማርኛ ተመለሰች። ማታ ማታ በአማርኛ ታነብለታለች፣ ትጸልይለታለች። በአንድ ቋንቋ የዳበረ ልጅ ሁለተኛውን ቶሎ ይይዛል።

እኛም በረቡዕ ጸሎት ጌታን መያዝ አልተውንም። አንድ ቀን መምህሯ በአስተርጓሚ ደወለች። በእረፍት ሰዓት ዥዋዥዌው ጋ ተሰልፎ ሳለ አንድ ልጅ ቀድሞት ሊወጣ ሲል፣ ልጃችን እጁን ዘርግቶ «ማይ ተርን!» ብሎ ጮኸ። ጸሎት ላይ ይህ ሲነገር የነበረውን እልልታ ለእናንተው እንተዋለን። እንዲህ ያሉ በጨዋታ የሚያዙ አጫጭር ሐረጎች ቀድመው መውጣታቸው የተለመደ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ ከኋላ ይመጣል። አሁንማ መምህሯ ደጋግማ የምትነግረው ዝም እንዲል ነው።

የእህታችን የዛሬ የጸሎት ርዕስ የራሷ ቤት ነው። አብራችሁን ጸልዩ። ቤት ስትቀይር በ10 ቀን ውስጥ አዲሱን አድራሻ ለኢሚግሬሽን ታስታውቃለች፤ የራሷን ለብቻ፣ የልጁንም ለብቻ፤ ፖስታ ቤት አድራሻ ማስቀየር ይህን አይተካም። የስም ወረቀቱን ከወዲሁ አዘጋጅተንላታል፣ የልጁ ስም ከላይ ነው።