ከወተቱ በፊት ሙቀት

ዓርብ ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ከሥራ ስገባ ዶፍ እየወረደ ነበር። በሐምሌ ሽሮ ሜዳ ላይ ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ አጥንት ድረስ ይገባል። ጃንጥላዬን እንኳ ሳላጥፍ እቴቴ በር ላይ ቆማ «ያቺ ድመት ሞተች» አለችኝ።

ያቺ ድመት የማንም አልነበረችም። ሰርቪስ ቤቱ ጣራ ላይ ታድራለች፣ ከጓሮ አይጥ ትይዛለች፣ እቴቴም አንዳንዴ ትራፊ ትጥልላታለች። ከዚህ ያለፈ ቅርበት አልነበረንም። የግቢያችን ዘበኛ ጋሼ ናቸው ጠዋት ቦዩ ዳር ደርቃ ያገኟት። ሰፈራችን ውስጥ የአይጥ መርዝ የሚያስቀምጥ ብዙ ነው፤ የተመረዘ አይጥ በልታ ይሆናል ብለን ገመትን። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ሰኞ ዕለት ሆዷ ተነፍቶ አይቻት ነበር፤ ረቡዕ ሳያት ጎድሏል። ወልዳለች ማለት ነው። የት?

ምሽት ላይ ዝናቡ ጋብ ሲል ከሰርቪስ ቤቱ ኮርኒስ ውስጥ ሰማናቸው። የድመት ድምፅ አይመስልም፤ ዘይት ያጣ የበር ማጠፊያ ሲንሲያጠጥ ይመስላል። ጋሼ መሰላል አምጥተው አንዱን ችፑድ ነቀሉና አራት ግልገሎች አንድ በአንድ አቀበሉን። ዐይናቸው አልተገለጠም፤ እትብታቸው እንደ ደረቀ ክር ሆዳቸው ላይ ተጣብቋል። አንዷ ነጭ፣ አንዷ ጥቁር፣ አንዱ ቡሬ፣ አንዱ ዳለቻ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። እኛ እናቲቱ መሞቷን በዐይናችን አይተናል። እናንተ ግን የድመት ልጅ ብቻውን ተኝቶ ስላገኛችሁት ብቻ አታንሱት። እናት ለምግብ ትወጣለች፤ ልጆቿንም በአፏ እያንጠለጠለች ቦታ ትቀይራለች። ደህና ሞቀው ከተኙ ራቅ ብላችሁ ለጥቂት ሰዓታት ጠብቁ። ዙሪያቸውን ስስ ዱቄት ነስንሳችሁ ብትሄዱ መጥታ እንደሆነ ኮቴዋ ይነግራችኋል። ማናችንም የእሷን ያህል አናሳድጋቸውም።

የነጯን ነገር መጻፍ ይከብደኛል። ይህን ሁሉ የምጽፈው ግን በእሷ ምክንያት ነው። ዓርብ ጾም ስለሆነ ቤት ውስጥ ወተት አልነበረም። ሮጬ ከሱቅ የላስቲክ ወተት ገዛሁ፣ አፈላሁት፣ ለብ ሲል ከፋርማሲ ባመጣሁት ሲሪንጅ ቀዳሁ። ከዚያ ነጯን እንደ ሕፃን ልጅ በጀርባዋ አስተኝቼ አፏ ውስጥ ጨመርኩላት። ሰውነቷ እጄ ላይ እንደ እርጥብ ጨርቅ ቀዝቅዞ ነበር። እኔ የታየኝ ረሀቧ ብቻ ነው። ወተቱ በአፍንጫዋ ተመልሶ ወጣ፣ ትን አላት። ጠራረግኳትና ደግሜ ሰጠኋት። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሞተች።

በማግስቱ አንድ ወጣት የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ሦስቱን ይዤ ሄድኩ። የሆነውን ስነግረው አልተቆጣኝም። «የቀዘቀዘ ግልገል አይመገብም» ብሎ ረጋ ብሎ አስረዳኝ። የድመት ልጅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የራሱን ሙቀት መጠበቅ አይችልም፤ የሚሞቀው ከእናቱና ከወንድም እህቶቹ ገላ ነው። ሰውነቱ ሲቀዘቅዝ አንጀቱ ሥራ ያቆማል፤ ወተቱ ሳይፈጭ ሆዱ ውስጥ ይቀራል። የመዋጥ ኃይሉም ስለሚደክም ወደ ሳንባው ይገባል። በጀርባው ከተኛ ደግሞ የባሰ ነው። ድመት የምትጠባው በሆዷ ተኝታ፣ አንገቷን በትንሹ ቀና አድርጋ ነው። ሁለቱንም ስህተት በአንድ ሌሊት ሠርቻለሁ።

እቴቴ ግን ማንም ሳይነግራት ታውቀው ኖሯል። እኔ ከነጯ ጋር ስታገል እሷ ሦስቱን በጋቢዋ ጠቅልላ ጉያዋ ውስጥ ከታ ከሰሉ ዳር ተቀምጣ ነበር። «ልጅ መጀመሪያ ይሞቃል እንጂ» ስትለኝ አልሰማኋትም። የተረፉት የእሷ ሦስቱ ናቸው።

አልጋቸው የፓስታ ካርቶን ሆነ። ታች ያረጀ ሹራብ አነጠፍን፤ በአንድ በኩል ሙቅ ውሃ የሞላ ሃይላንድ በወፍራም ካልሲ አልብሰን አስጠጋን። በአንድ በኩል ብቻ የሆነው ሲሞቃቸው ወደ ሌላው ጥግ መዳህ እንዲችሉ ነው። ለመጀመሪያው ሳምንት ሳጥኑ ውስጥ ወደ 30 ዲግሪ ገደማ መሆን አለበት፤ የእኛ ቤት በክረምት ሌሊት ከዚያ ግማሹም አይሞላም። መብራት ስለሚሄድ ማታ ማታ ሁለት ፔርሙዝ ሙቅ ውሃ አዘጋጅቼ ነው የምተኛው። ሃይላንዱ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ከምንም የባሰ ነው፤ ሙቀታቸውን መልሶ ይስባል። ስለዚህ በየሁለት ሰዓቱ መነሳት ለወተቱ ብቻ አልነበረም።

የላም ወተት ለብቻው አይሆናቸውም። የድመት ወተት ፕሮቲኑ ከላም ወተት በእጥፍ ገደማ ይበልጣል፣ ስቡም ይበዛል። የላም ወተት ስኳር ደግሞ ያስቀምጣቸዋል፤ የድመት ልጅ የሚገድለውም ተቅማጡ ነው። ለድመት ልጆች ተብሎ የተሠራ የዱቄት ወተት አለ። እኔ በዞርኩባቸው ሱቆች ስላጣሁት የአክስቴ ልጅ ከዱባይ እስክትመጣ መጠበቅ ነበረብኝ። እስከዚያ ድረስ ሐኪሙ ለጊዜው ብሎ የሰጠኝ ይህ ነበር፦ አንድ ብርጭቆ፣ ማለትም 240 ሚሊ ሊትር የፈላ ወተት፣ ሁለት የእንቁላል አስኳል፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት። አስኳሉ ወተቱ ለብ ሲል ይገባል፣ በደንብ ተመትቶ በጨርቅ ይጠለላል። ፍሪጅ ውስጥ ከአንድ ቀን በላይ አይቆይም። ስኳር አይጨመርበትም። አስታውሱ፣ ይህ ለጥቂት ቀን መሻገሪያ ነው።

መጠኑን ያወቅኩት በሚዛን ነው። ለ100 ግራም ክብደት በአንድ ጊዜ ከ4 ሚሊ ሊትር አይበልጥም፤ ሆዳቸው ከዚያ በላይ አይዝም። እህቴ ኬክ የምትጋግርበትን ሚዛን አዋሰችኝ። በደብተር ላይ መስመር አሰመርኩ፣ ቅዳሜ ሐምሌ 13፦ ጥቁሯ 112፣ ቡሬ 118፣ ዳለቻ 96። ጤነኛ ግልገል በቀን ከ10 እስከ 15 ግራም ይጨምራል። ይህችን ቁጥር ከዐይናችሁ በላይ እመኗት። ዐይን ይሸነግላል፤ ግልገሉ ይጮኻል፣ ይንቀሳቀሳል፣ ደህና ነው ትላላችሁ። ሚዛኑ ግን ከአንድ ቀን በፊት ይናገራል።

ዳለቻን ያዳነው እሱ ነው። ሐምሌ 16 ላይ 109 ግራም ነበር፣ 17 ላይ 110፣ 18 ጠዋት 106። ማታውን አስቀምጦት ነበር፤ ጀርባው ላይ ያለውን ቆዳ በሁለት ጣት ሳነሳው ቶሎ አልመለስ አለ። ውሃ አጥሮታል ማለት ነው። ቀኑን ሥራ አስፈቅጄ ቀረሁ። ሐኪሙ እንዳለኝ ወተቱን ትቼ በስልክ በነገረኝ መጠን የተበጠበጠ ኦአርኤስ ለብ አድርጌ በየሰዓቱ በጠብታ ሰጠሁት፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ወተት ቀላቀልኩበት። ድዱ ነጥቶ ነበር። ሲሪንጁን ጫፍ ላይ አንዲት ጠብታ አውጥቼ ከንፈሩ ላይ አስቀምጣለሁ፣ ምላሱ ወጥታ እስክትልሳት እጠብቃለሁ፣ ጉሮሮው ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ ከዚያ ሌላ ጠብታ። አንድ ሚሊ ሊትር ለማስገባት ሃያ ደቂቃ። ወደ ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ምላሱ ብቻ ሳትሆን አፉ ጫፉን ያዘ፤ ሲስብ ሁለቱ ጆሮዎቹ ወደ ኋላና ወደ ፊት እንደ ክንፍ መርገብገብ ጀመሩ። የድመት ልጅ አጥብቆ ሲጠባ ጆሮው እንዲህ ይሠራል። እቴቴን ጠርቼ አሳየኋት። ሁለታችንም እንባ መጣን።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ነገር፣ የድመት ልጅ እስከ ሦስት ሳምንቱ ድረስ ራሱን ችሎ አይሸናም፤ ካካም አይልም። እናቱ እየላሰች ነው የምታስወጣው። እኛ ከእያንዳንዱ ጡጦ በኋላ በሙቅ ውሃ የራሰ ጥጥ ወስደን ሆዱን ከታች፣ ከዚያ መውጫውን በስሱ እንደ መላስ እናደርጋለን። ሽንቱ ነጣ ያለ ቢጫ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ከጠቆረ ውሃ አጥሮታል። ካካው እንደ ሰናፍጭ ቢጫና ለስለስ ያለ ይሆናል። ይህን ካልሠራችሁ ሆዳቸው ይነፋል፣ ምን ያህል ብታበሉ ዋጋ የለውም። ቀን ቀን ይህ የእቴቴ ሥራ ነበር፤ ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው፣ መነጽሯን አድርጋ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ አንድ ቀን አልዘለለችም።

ሐምሌ 19 እቴቴ ከገብርኤል ስትመለስ ቡሬ አንድ ዐይኑን ገልጦ አገኘችው። ሰማያዊ፣ ጭጋግ የለበሰ። ሌሎቹ በሁለት ቀን ተከተሉት።

ቁንጫም ነበረባቸው። ለትልቅ ድመት ማሳከክ ነው፤ ይህን ለሚያክል ግልገል ግን ደሙን መጥጦ ይጨርሰዋል። ፍሊትም ሆነ ለውሻ የሚሸጥ የቁንጫ ዱቄት እንዳታስነኩ፤ ለውሻ ከሚሠሩት ውስጥ ድመትን የሚገድል አለ። ለብ ባለ ውሃና በጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ከአንገት በታች አጥበን፣ ወዲያው በፎጣ አድርቀን፣ በቅማል ማበጠሪያ አንድ በአንድ ለቀምን። ያኔም ቢሆን ማሞቂያውን አስቀድመን አዘጋጅተን ነው።

የዱባዩ የዱቄት ወተት ሐምሌ 22 ደረሰ። ከዚያ በኋላ ደብተሩ ላይ ያለው ቁጥር በሙሉ ወደ ላይ ነው።

ነሐሴ ሲገባ ጥርስ አበቀሉ፤ በአራተኛ ሳምንታቸው ሥጋ መልመድ ነበረባቸው። ፍልሰታ ነው። የሰፈሩ ሥጋ ቤት ዘግቷል፣ ቤታችን ውስጥ ሽሮና ጎመን እንጂ ሌላ የለም። እቴቴ ዶሮ ልትቀቅል ትችል እንደሆነ መጠየቅ ከብዶኝ ሁለት ቀን ዝም አልኩ። እሷ ናት የጀመረችው፤ «ልጅ እንኳ እስከ ሰባት ዓመቱ አይጾምም፣ እነሱ ምን በወጣቸው» ብላ ሱፐርማርኬት ላከችኝ። የዶሮ ሥጋ ያለ ጨው ቀቀለች፣ አድቅቃ ከወተታቸው ጋር ለወሰች። ሽታው ቤቱን ሞላው፣ እሷ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አልቀመሰችም ነበር። ቡሬ ሳህኑ ውስጥ በአራት እግሩ ገባ።

ስለ ምግብ ሰው ሲጠይቀኝ ሁልጊዜ የምለው አለ፤ ወጥ የነካው እንጀራ ለድመት አትስጡ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደማቸውን ያበላሻል፤ ወጣችን ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሠራም። እንጀራ ብቻውንም አያሳድጋቸውም፤ ድመት ያለ ሥጋ መኖር አትችልም። ሳንባ ብቻ እየገዙ መስጠትም አይበቃም፤ ሥጋም፣ ትንሽ ጉበትም ይቀላቀልበት።

እህቴ ነፍሰ ጡር ስለነበረች፣ ከድመት ካካ የሚመጣ በሽታ ፅንሱን እንዳይጎዳ የሚጸዳዱበትን የአሸዋ ሳጥን አላስነካናትም፤ እኔ በየቀኑ በጓንት አወጣ ነበር። ስምንት ሳምንት ሲሞላቸው የመጀመሪያውን ክትባት ወሰዱ፤ የእብድ ውሻ በሽታው ሦስት ወር ሲሆናቸው ነው።

ጎረቤታችን እትዬ፣ ቡሬን እንድሰጣቸው ጠየቁኝ፤ አይጥ ጓዳቸውን ጨርሶባቸዋል። እሰጥዎታለሁ፣ መርዝ ግን እንዳያስቀምጡ አልኳቸው። መልስ ሳይሰጡኝ ወጡ። ማታ የመርዙን ፓኬት በፌስታል ጠቅልለው ይዘውልኝ መጡ፤ ከቆጡ ላይ ያለውንም ጭምር።

የደብተሩ የመጨረሻ ገጽ መስከረም 10 ቀን 2017 ነው። ቡሬ 980፣ ዳለቻ 870። የጥቁሯ ቦታ ባዶ ነው። ሦስት ጊዜ ሞክሬ ነበር፤ ሚዛኑ ላይ እንዳስቀመጥኳት ዘላ ወርዳ መጋረጃው ላይ ወጣች።