ደሴ ላይ ክክ ማብሰል፦ የአምስት ወር የማድ ቤት ማስታወሻዬ

በ2018 መስከረም ማለቂያ ላይ ሥራ ተቀይሮልኝ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስመጣ እናቴ ባዶ እጄን አልላከችኝም። 10 ኪሎ የአተር ክክ፣ 5 ኪሎ ሽሮ፣ 3 ኪሎ ድፍን ምስር፣ 5 ኪሎ ሽምብራ፣ በርበሬ፣ የስንዴ ቂንጬ፣ በሶ፣ ከዚያ ላይ አንድ ከረጢት ሙሉ ድርቆሽ። ሆጤ አካባቢ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ውስጥ ሁሉንም ግድግዳው ሥር ደረደርኩት። ለሦስት ሳምንት ያህል ግን አልነካሁትም። ምሳም እራትም ምግብ ቤት ነበር። የመጀመሪያው ደሞዝ ወር ሳይሞላው ሲያልቅ፣ ግድግዳዬ ሥር የአራት ወር ምግብ ተቀምጦ እኔ ለእራት ብድር ሳስብ ራሴን አገኘሁት። ማብሰል ለመማር የወሰንኩት ያን ቀን ነው። እንደኔ ስንቅ ይዛችሁ ብቻችሁን ለምትኖሩ ይጠቅማል ብዬ ከዚያ ወዲህ ያየሁትን እጽፋለሁ።

ጥቅምት። የጀመርኩት በክክ ነው፤ ቀላል መስሎኝ። ከሥራ 12 ሰዓት ገደማ ገብቼ፣ 1 ሰዓት ላይ ጣድኩ። ውሃው ወዲያው ተንተከተከ። 2 ሰዓት ሲሆን ብቀምሰው ጥሬ ነው። ምድጃውን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። 2 ሰዓት ከሩብ ላይም ጥርስ ያስቸግራል፤ ውሃው ግን ሁለት ጊዜ አልቆ ሁለት ጊዜ ጨምሬያለሁ። ክኩ አርጅቶ ይሆን ብዬ እናቴ ጋ ደወልኩ። «የዘንድሮ ነው፣ እኔ ከዚሁ ጆንያ ትናንት ሠርቼ በልተናል» አለችኝ።

መልሱን የሰጡኝ የቤቱ ባለቤት እማማ ናቸው። ድስቱን ከፍተው አይተው፣ «አብሽር ልጄ፣ ክኩ ምንም አልሆነ። ደሴ ውሃው ቶሎ ይፈላል፣ እህሉ ግን ቶሎ አይበስልም። ለነገ የምትበላውን ዛሬ ማታ ዘፍዝፍ» አሉኝ። እሳቸው ከልምድ የሚያውቁትን እኔ በኋላ ምክንያቱን ፈልጌ አገኘሁት። ከፍታ ሲጨምር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፣ ውሃም በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል፤ በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ግድም ይወርዳል። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃዋ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ደሴ ደግሞ ጦሳ ሥር 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች 92 እንኳ አይሞላም። አንዴ ከፈላ በኋላ ምድጃውን ብንከፍተውም ብንቀንሰውም የውሃው ሙቀት ያው ነው፤ የሚጨምረው የሚተነው ውሃና የመብራት ሂሳቡ ብቻ ነው። ያን ማታ ከአንድ ሰዓት በላይ ያባከንኩት ይህንን ባለማወቄ ነው።

በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ ሐረጎን ወርደን ኮምቦልቻ ስንገባ ጃኬት እናወልቃለን። ሁለትና ሦስት ዲግሪ ለክክ ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ በዓይኔ ማየት ስለፈለግኩ አንድ ቅዳሜ ያንኑ ድስትና ያንኑ ክክ ይዤ እናቴ ቤት ሄድኩ። ሳይዘፈዘፍ ኮምቦልቻ ላይ በ50 ደቂቃ ፈረሰ። ደሴ ላይ 1 ሰዓት ከ20 ፈጀብኝ። 8 ሰዓት የተዘፈዘፈው ግን ደሴ ላይም በ40 ደቂቃ ደረሰ። ይህችን ሦስት ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፌ ከምድጃው በላይ ለጥፌያታለሁ።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ከመውጣቴ በፊት ሳልዘፈዝፍ ቀርቼ አላውቅም። ክክና ድፍን ምስር ቀን ቀን ተዘፍዝፈው ይውላሉ። ሽምብራና ባቄላ ግን የደሴ ውሃ ስለሚቀዘቅዝ ሌሊቱን ሙሉ፣ አንዳንዴም እስከ ቀጣዩ ምሳ ይፈልጋሉ። ጨው እህል ያጠነክራል ሲባል ሰምቼ ስለነበር መጀመሪያ ፈርቼ ነበር። ለ1 ሊትር መዘፍዘፊያ ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሬ ስሞክረው ግን የሽምብራው ቆዳ በተሻለ ለሰለሰ። የሚያጠነክረው ሌላ ነገር ሆኖ አገኘሁት፦ ቲማቲም። ምስሩ ሳይበስል ቲማቲም ከገባበት ኮምጣጣነቱ ቆዳውን ይይዘዋል፣ ከዚያ በኋላ ቢንተከተክ ቢንተከተክ አይላላም። አሁን ቲማቲም የማስገባው ምስሩ በጣት ሲጨበጥ መፍረሱን ካየሁ በኋላ ነው።

ስለ ቦሎቄ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ቦሎቄን እንደ ማንኛውም ጥራጥሬ ነው የሚያየው። ቀይ ቦሎቄ በደንብ ካልበሰለ ክፉኛ ያስታውካል፣ ሆድ ያማል። ቢያንስ 5 ሰዓት ተዘፍዝፎ፣ የተዘፈዘፈበት ውሃ ተደፍቶ፣ በአዲስ ውሃ በኃይል እየፈላ ከ10 ደቂቃ በላይ መቆየት አለበት፤ እኔ ደሴ ስለሆንኩ 30 ደቂቃ አፈላዋለሁ፣ ከዚያ ነው ቀስ ብሎ እንዲበስል የምተወው። ለብ ባለ ሙቀት ብቻ ማቆየት አይበቃም፣ እንዲያውም ይብሳል።

ኅዳር። የሽሮ ወር ብዬዋለሁ። ሽሮ ማንም ይሠራል ይባላል፤ የእኔ ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲጓጉል ነበር። የፈላ ቁሌት ላይ ዱቄቱን ስበትነው ላዩ ይበስልና ውስጡ ደረቅ ዱቄት የሆነ ድብልብል ይሠራል። አሁን 1 የሻይ ብርጭቆ ሽሮ በ1 ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ አስቀድሜ በሹካ እበጠብጣለሁ። 3 ብርጭቆ ውሃ ቁሌቱ ላይ ሲፈላ ብጥብጡን እያማሰልኩ እጨምራለሁ። ከዚያ እሳቱን ዝቅ አድርጌ፣ ዘይቱ ላዩ ላይ ወጥቶ እስካየው ድረስ፣ 30 ደቂቃ ያህል አንተከትከዋለሁ። በ10 ደቂቃ የወረደ ሽሮና በ30 ደቂቃ የወረደ ሽሮ ሁለት የተለያዩ ምግቦች ናቸው። የመጀመሪያው የጥሬ ጣዕም አለው፣ ሆድም ይነፋል። መከለሻዋን የማደርገው ልትወርድ ስትል ብቻ ነው፣ ሽታዋ እንዳይጠፋ።

ቁሌቱን እሑድ እሑድ አንድ ጊዜ ነው የማዘጋጀው። 2 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት አድቅቄ፣ ያለ ዘይት በራሱ ውሃ እስኪመጠጥ ድረስ አቁላላለሁ፣ ከዚያ ዘይት፣ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርት። እማማ ማቀዝቀዣቸው ውስጥ አንድ ጥግ ሰጥተውኛል፤ በ4 ቀን ውስጥ እጨርሰዋለሁ፣ በተጠቀምኩ ቁጥርም እንደገና አፈላዋለሁ። በርበሬውን ሳልቸኩል በጠብ ጠብ ውሃ ማብሰል እንዳለብኝ የተማርኩት ከእሳቸው ነው። «በርበሬ ጥሬ ከሆነ ወጡ ሆድህንም አፍህንም አያስደስትም» ነው የሚሉት።

ታኅሣሥ። ከባዱ ወር። ከእናቴ የመጣው ሽምብራ ሲያልቅ ሰኞ ገበያ ሄጄ ዋጋው ጥሩ ነው ብዬ 10 ኪሎ ገዛሁ። ጀሪካን ውስጥ ከተትኩና ጠርቅሜ ዘጋሁት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ስከፍተው የሻጋታ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ግማሹ ላዩ ላይ ነጭ አውጥቶ ነበር። ቸኩሎ የገባ፣ በደንብ ያልደረቀ እህል ነው። አጥቤ ላድነው ብዬ አሰብኩ፤ የሻገተ እህል መርዝ ሊኖረው እንደሚችል፣ መርዙም በመቀቀል እንደማይጠፋ ስለማውቅ ግን ደፋሁት። የ10 ኪሎ ሽምብራ ገንዘብ ለእኔ ትንሽ አይደለም፣ ቀኑን ሙሉ አዝኜ ነው የዋልኩት።

ከዚያ በኋላ ሳልፈትን የማስቀምጠው እህል የለም። ገበያ ላይ አንድ ፍሬ በጥርሴ እነክሳለሁ፤ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል፣ ከተጨፈለቀ አልደረቀም። ቤት ስደርስ ደግሞ የጨው ፈተናውን አደርጋለሁ። በደንብ የደረቀ ጠርሙስ ውስጥ አንድ እፍኝ እህልና አንድ ማንኪያ ደረቅ ጨው ጨምሬ፣ ዘግቼ እንጠዋለሁ፣ 15 ደቂቃ አስቀምጠዋለሁ። ጨው ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ እህሉ እርጥበት አለው፣ ከ15 በመቶ በላይ ማለት ነው፤ ወደ ፀሐይ ይመለሳል። ካልተለጠፈ ወደ ጀሪካን ይገባል። ይህን ፈተና በጥቅምት ባውቀው ኖሮ ሽምብራዬ ይተርፍ ነበር።

የነቀዙ ነገር ሌላ ነው። የጥራጥሬ ነቀዝ እንቁላሉን ፍሬው ላይ ይጥላል፣ ትሉ ውስጡ ያድጋል፣ ቀዳዳውን የምናየው ሲወጣ ነው። ስለዚህ ንጹሕ የመሰለ ሽምብራም ውስጡ ተይዞ ሊሆን ይችላል። እናቴ ኮምቦልቻ ሙቀቱ ስለሚያራባው ከእኔ የበለጠ ትቸገራለች፤ የደሴ ብርድ እዚህ ላይ ውለታ ይውልልኛል። ጠራ ያለ ፀሐይ በተገኘ ቀን ስስ አድርጌ ጥቁር ላስቲክ ላይ አሰጣዋለሁ፣ ከላዩም ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ አለብሰዋለሁ። ውስጡ ያለውን ሙቀቱ ይገድለዋል። ካቀዘቀዝኩት በኋላ እስከ አፉ ሞልቼ እዘጋለሁ፤ ክፍት ቦታ ባነሰ ቁጥር ነቀዙ የሚተነፍሰው አየር ያንሳል። ጤፍ ደቃቅ ስለሆነ ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም፣ ነቀዝ ብዙም አይደፍረውም።

ርካሽ የተፈጨ ሽሮ መግዛትም ያቆምኩት በዚሁ ወር ነው። ጓያ የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል፤ ጓያ ደግሞ አዘውትሮ ከተበላ እግር እንደሚያሽመደምድ ወሎ ውስጥ ያደገ ሰው ሁሉ ሲነገር ሰምቷል። አተሩንና ሽምብራውን ራሴ ለቅሜ፣ ቆልቼ፣ ከነቅመሙ ወፍጮ ቤት ወስጄ አስፈጨዋለሁ። አንድ ቅዳሜ ያልቅበታል፣ ለሁለት ወር ግን አያሳስበኝም።

ጥር። መብራት የሚጠፋበት ወር ሆነብኝ። አንድ ማታ ክኩ ገና 15 ደቂቃ እንደፈላ ጨለመ። ከሰል ላቀጣጥል ስነሳ እማማ በር ላይ ቆመው፣ «ቤት ውስጥ እንዳታስገባ! ውጭ በረንዳው ላይ!» ብለው ጮኹብኝ። ልክ ናቸው። ብርዱ በሚያንቀጠቅጥበት ሌሊት በሩን ዘግቶ ከሰል ማንደድ ያምራል፤ የከሰል ጋዝ ግን ሽታ የለውም፣ ሰው በተኛበት ይገድላል። እባካችሁ ይህቺን ለታናናሾቻችሁም ንገሩ።

ያን ማታ ድስቱን ክዳኑን ሳልከፍት በሁለት ጋቢ ጠቅልዬ አልጋዬ ላይ አስቀመጥኩት። ከሁለት ሰዓት በኋላ ስፈታው ክኩ በስሏል፣ አሁንም ይፋጃል! ከዚያ ወዲህ መብራት ቢኖርም የተዘፈዘፈ ክክና ምስር እንዲህ ነው የማበስለው። 15 ደቂቃ ማፍላት፣ መጠቅለል፣ ልብስ ማጠብ ወይም ማንበብ፣ ከዚያ ከቁሌቱ ጋር አንዴ ደህና አድርጎ ማንተክተክ። ቂንጬማ 5 ደቂቃ ፈልቶ ከተጠቀለለ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ፍሬ ፍሬው ተለያይቶ ይጠብቃል። ቦሎቄን ግን በዚህ መንገድ አትሞክሩ፣ ምክንያቱን ከላይ ብያለሁ።

ድርቆሹም ቦታውን ያገኘው በዚህ ወር ነው። አንድ ጭልፋ ቁሌት፣ ሁለት ብርጭቆ ውሃ፣ ሲፈላ ሁለት እፍኝ ድርቆሽ። ገብቶ ወዲያው ከወረደ ይሻላል፤ እሳት ላይ ከቆየ ይላቁጣል። ሥራ ያደከመኝ ቀን ከበር እስከ ሳህን 12 ደቂቃ ነው። የተረፈኝን እንጀራም አሁን ሳይሻግት ቀድጄ መስኮቱ አጠገብ አደርቃለሁ።

የካቲት። ዘንድሮ ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ገቡ። ግቢያችን ውስጥ ቀን ቀን ድስት አይሰማም፣ ማታ ግን ሁለቱም ቤት ይሸታል። እማማ ለማፍጠሪያ ሾርባ ሲሠሩ ሥጋ ከማስገባታቸው በፊት ለእኔ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ለይተው ያስቀምጡልኛል። እኔ ደግሞ የሽምብራና የስንዴ ንፍሮ ሠርቼ እወስድላቸዋለሁ፤ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ስለሚያድር ለጥርሳቸው አይከብድም። ባለፈው ሳምንት ቀምሰው፣ «ማሻአላህ፣ ይሄ የደሴ ሰው ንፍሮ ነው» አሉኝ። ከአምስት ወር በፊት ጥሬ ክኬን ያዩት እሳቸው ስለሆኑ ይህ ቃላቸው ለእኔ ትልቅ ነው።

ከእናቴ 10 ኪሎ ክክ 2 ኪሎ ያህል ቀርቶኛል። ምግብ ቤት የምበላው አሁን በሳምንት አንድ ቀን፣ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ነው። ያልቻልኩት ስልጆ ነው፤ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሁለቱንም ጊዜ ከመጠን በላይ ኮመጠጠብኝ፣ ለሦስተኛው የባቄላ ዱቄትና ሰናፍጭ ገዝቻለሁ። ቀኑን የምትቆጥሩበት ዘዴ ያላችሁ፣ በተለይ እንደ ደሴ ብርድ በሆነ ቦታ የምትሠሩ፣ ስንት ቀን እንደምታቆዩት ንገሩኝ።

እማማ ለሱሁር ስለሚነሱ ማታ ቶሎ ይተኛሉ። ዛሬ ሁለት ሳህን ነው የዘፈዘፍኩት፦ አንዱ የእኔ ክክ፣ ሌላው ለነገ ሾርባቸው የሚሆን ምስር።