እንዝርት ይዤ የት ደረስኩ?

ሰሞኑን የፈተልኩት ክር ልቃቂት ወጣው። ጡጫ ታክላለች፤ ግን መሃል ላይ ቋጠሮ የላትም። እናንተም ፈትል የምትሞክሩ ስላላችሁ ያለሁበትን ልንገራችሁ።

አጀማመሬን አላረዝመውም። ጥጥ ገዛሁ፣ እንዝርት ገዛሁ፣ ፈተልኩ፣ ተበጠሰ። ጎረቤታችን እማማ አይተውኝ "ወንድ ልጅ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የሚፈትለው?" ብለው ሳቁ። አልተሳሳቱም። እኛ ጋ ፈትል የሴት፣ ሽመና የወንድ ሆኖ ነው የኖረው። ከጨንቻ ደጋ የሚመጡት የዶርዜ ሸማኔዎች ስማቸው ሲነሳ፣ ማጉን፣ ማለትም በድሩ መሃል አግድም የሚገባውን ክር፣ ስለሚፈትሉት ሴቶች ብዙም አይወራም። እማማ ስቀው ሲያበቁ ግን እንዝርቱን ከእጄ ነጠቁኝ። ትምህርቱ የጀመረው ያኔ ነው።

ፍዳዬን ያሳየኝ አንድ ነገር ነው። ክሩ አንዱ ጋ እንደ ፀጉር ይቀጥናል፣ ትንሽ አለፍ ሲል ይጓጉላል። ከዚያ በቀጠነበት በኩል ጧ!

ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁት ትምህርት አብዛኛው ስለ በግ ፀጉር ነበር። ለጥጥ አይሠራም። የበግ ፀጉር ረጅም ስለሆነ ትንሽ ቢከርም ይያያዛል፤ እንዝርቱን አንጠልጥሎ ይሸከማል። የጥጥ ጭረት ግን አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። በደንብ ካልከረረ እርስ በርሱ አይያዝም። ከባድ እንዝርት ካንጠለጠላችሁበት ክሩ ሳይከር ክብደቱ ይቀድመዋል። ስለዚህ ቀለል ያለ እንዝርት ያዙ። ያማረ፣ የተቀረጸ፣ ለጌጥ የሚሸጠውን ግድግዳ ላይ ስቀሉት።

ሁለተኛው ጣጣ እጅ ነው። እማማ "ጥጡን አነቅከው እኮ! ላላ አድርገው" ይሉኛል። እሳቸው ባዘቶውን፣ የተነደፈውን ጥጥ፣ በጣቶቻቸው ጫፍ ብቻ ይዘው፣ በሌላው እጃቸው እንዝርቱን ያሾሩና ግራ እጃቸውን ቀስ እያሉ ወደ ላይ ያነሳሉ። የጓጎለ ሲያጋጥማቸው አያቆሙም። ክሩን ከጉጉሉ ግራና ቀኝ ይይዙና ትንሽ ፈታ አድርገው ይስቡታል፤ ይሳሳል። ከዚያ መልሰው ያከሩታል። ይህችን አንዷን ነገር እጄ እስኪለምዳት ወራት ፈጀብኝ።

ግን ከሁሉም በላይ የምከራከረው ስለ ጥጡ ነው። የፋርማሲ ጥጥ አትግዙ! ነጭና ንጹሕ ነው፤ ያማልላል። ፈሳሽ እንዲመጥ ተብሎ የተፈጥሮ ሰሙ ታጥቦ ስለወጣ ግን ሲሳብ ይንገታገታል። ፍሬው ያልወጣለት ጥጥ ፈልጉና ራሳችሁ ድንጋይ ላይ በብረት ዘንግ ዳምጡት። ከዚያ በደጋን ንደፉት። የደጋኑ ጅማት ክምሩ ውስጥ ሲርገበገብ ጥጡ ይበተናል፣ ይነፋል፣ ቆሻሻው ይራገፋል። ባዘቶው ጥሩ ካልሆነ ያላችሁ ጥበብ ሁሉ ከንቱ ነው። ሰው ይህን ክፍል ይሰለቸዋል። እኔም ይሰለቸኛል፤ እውነቱን ለመናገር ግማሹን የሚነድፉልኝ እማማ ናቸው።

ልቃቂቷን ይዤ ሽሮ ሜዳ አንድ ሸማኔ ጋ ሄድኩ። ክሩን በጣቱ መሃል አሳልፎ፣ ሳብ አድርጎ አየው። "ለጋቢ ማግ ይሆናል። ለነጠላ አይሞከርም" አለኝ። ጋቢ አራት እጥፍ ስለሆነ ወፍራሙም ቀጭኑም ይደበቅበታል። ነጠላ ግን ብርሃን ስለሚያሳልፍ እያንዳንዱ ጉጉል ይታያል። "ለድርስ?" አልኩት። ሳቀ። ድር፣ በቁመት የሚዘረጋው ክር፣ ተወጥሮ በመምቻ ስለሚደበደብ ጠንካራ ክር ይፈልጋል፤ አሁን አሁን ብዙዎቹ የፋብሪካ ክር ነው የሚያደሩት።

በዚህ የሚከፋው ሰው አለ። እኔ አይከፋኝም። የሚከፋኝ በማሽን የታተመው "የባህል ልብስ" ነው። ሁላችንም ጥለቱን ብቻ እናያለን፤ ጥለቱ ካማረ ሐበሻ ሆንን ማለት ነው። ነጠላ የሚናገረው ግን በአለባበሱም ጭምር ነው። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ታጣፋዋለህ። ለቅሶ ላይ ጥለቱ ወደ ላይ ይዘቀዘቃል። ጭፈራ ሲመጣ ሴቶች ወገባቸው ላይ ያስሩታል። ሰውዬው ከየት እንደመጣ ከሩቅ ታውቃለህ። ለዚህ ደግሞ ጨርቁ እጥፉን መያዝ፣ ትከሻ ላይ መቀመጥ አለበት። የእጅ ፈትል ማግ ለስለስ ስለሚል ይቀመጣል። የታተመው ፖሊስተር ይንሸራተታል፤ እናቶች ቅዳሴ ላይ ሲያስተካክሉት ይውላሉ።

እንግዲህ ለጊዜው የጋቢ ማግ ፈታይ ነኝ። ጀማሪ ከሆናችሁ እናንተም ከጋቢ ጀምሩ፤ ነጠላን እርሱት። የእማማ ደጋን ጅማቱ ላልቷል፤ አዲስ የሚሠራ ሰው የምታውቁ ጠቁሙኝ።