የስም ካሊበርና የአፈሙዝ ልክ፦ ከአሮጌ ጠመንጃዎች የተማርኩት እስካሁን

በአሮጌ የጦር ጠመንጃ ላይ የተጻፈው ካሊበር ስም ነው፤ የአፈሙዙን ትክክለኛ ስፋት ማወቅ የሚቻለው በመለካት ብቻ ነው። አሮጌ ጠመንጃ የመመርመርና የመለካት ሥራ ለመጀመር ያሰበ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ይህን ቢይዝልኝ ደስ ይለኛል፤ ከዚህ በታች የምጽፈው በአብዛኛው የዚሁ ማብራሪያ ነው።

የምኖረው አሜሪካ ነው። ባለፉት ዓመታት ከኢትዮጵያ መጋዘኖች የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች በሕጋዊ አስመጪዎች በኩል እዚህ ለገበያ ቀርበዋል፤ ውጅግራ (የፈረንሳይ)፣ ቬተርሊና ካርካኖ (የጣሊያን)፣ ቤልጅግ (የቤልጅየም ማውዘር)፣ ሊ-ኤንፊልድ (የእንግሊዝ)። ብዙዎቹ ዝገዋል፣ የጎደላቸው ዕቃ አለ፣ ሰደፋቸው ተሰንጥቆ በጠፍርና በቆርቆሮ የታሰረም አለ። በፌዴራሉ ሕግ እስከ 1898 የተሠራ ጠመንጃ እንደ ጥንታዊ ዕቃ ይቆጠራል፤ ግዛቶች ግን የየራሳቸው ሕግ ስላላቸው ከመግዛት በፊት እሱን ማጣራት ያስፈልጋል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጠመንጃ እጄ ሲገባ መጀመሪያ ባዶ መሆኑን አረጋግጣለሁ፤ ከዚያ ጽሑፉን አነባለሁ። ውጅግራ ከሆነ በመዝጊያው ቤት ጎን ላይ በፈረንሳይኛ የፋብሪካው ስምና 1874 የሚለው የሞዴሉ ዓመት ይገኛል፤ ከፋብሪካዎቹ ዋነኛው ሴንት ኤቲየን ነው። ከዓመቱ አጠገብ «ኤም 80» የሚል ካለ በ1880 ማሻሻያ ተደርጎለታል ማለት ነው። ሊ-ኤንፊልድ ከሆነ ከሰደፉ አንገት ላይ ባለው የብረት ቀለበት ዘውድ፣ የፋብሪካ ስም፣ ዓመትና የሞዴል ቁጥር ተደርድረው ይገኛሉ። በካርካኖ ላይ የከተማውን ስም (ለምሳሌ ተርኒ ወይም ብሬሻ)፣ ከእሱም ጋር ዓመቱን ታያላችሁ። በፋሺስት ዘመን በተሠሩት ላይ ተጨማሪ የሮማ ቁጥር አለ፤ የሙሶሊኒ አገዛዝ ዓመታቱን የሚቆጥረው ከጥቅምት 1922 ጀምሮ ስለነበር፣ አሥራ ስድስት የሚለው ቁጥር ከ1937 መጨረሻ እስከ 1938 ጥቅምት ያለውን ጊዜ ያመለክታል። በአንዳንድ ማውዘሮች ላይ ደግሞ የይሁዳ አንበሳ ተቀርጾ ይገኛል። እባካችሁ፣ ምልክት ያለበትን ብረት በአሸዋ ወረቀት አትንኩት። ለስላሳ ጨርቅና ዘይት ይበቃል፤ አንዴ የተፋቀ ፊደል አይመለስም።

አሁን ወደ አፈሙዙ። ውስጡ አረሩን የሚያሽከረክሩ ጥምዝ ቦዮች አሉት። በቦዮቹ መካከል ያሉትን ጉብታዎች ከአንዱ ወደ ፊት ለፊቱ ብትለኩ ጠባቡን ልክ ታገኛላችሁ፤ ከቦይ ወለል እስከ ቦይ ወለል ብትለኩ ሰፊውን። ብዙዎቹ የጦር ካሊበሮች ስም የወጣላቸው በጠባቡ ልክ ሲሆን፣ አረሩ መሙላት ያለበት ግን ሰፊውን ነው። ግራ መጋባቱ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ካርካኖ ለዚህ ከማውቃቸው ሁሉ የተሻለ ማሳያ ነው። ጣሊያን በ1891 ሞዴል የጀመረችው ይህ ጠመንጃ ካሊበሩ 6.5 ሚሊ ሜትር ይባላል። የስዊድኑ ማውዘርና የጃፓኑ አሪሳካም 6.5 ይባላሉ፤ ሦስቱም በጠባቡ ልካቸው 6.5 ናቸው። የካርካኖ ቦይ ግን ጥልቅ ነው፤ ሰፊው ልክ 6.8 ገደማ ሲሆን የሌሎቹ ከ6.7 ብዙም አያልፍም። በሱቅ «6.5» ተብሎ የሚሸጠው አረር 6.71 ስለሆነ በካርካኖ አፈሙዝ ውስጥ ቦዩን አይሞላም። ልዩነቱ የአንድ ፀጉር ውፍረት ያህል ነው፤ ነገር ግን የባሩዱ ጋዝ በዚያች ክፍተት ያልፋል፣ አረሩም በወጉ አይሽከረከርም። እኔ ዒላማው ወረቀት ላይ ክብ ቀዳዳ ሳይሆን በጎን የገባ አረር የተወውን ሞላላ ቀዳዳ አይቻለሁ። ካርካኖ አነጣጥሮ አይመታም የሚለው ወሬ አንዱ ምንጩ ይህ ይመስለኛል። ለካርካኖ ተብሎ የተሠራ 6.8 ሚሊ ሜትር አረር አለ፤ በእሱ ስንተኩስ ያው ጠመንጃ ጥይቶቹን በአንድ ስፍራ መሰብሰብ ጀመረ።

በዚያው ቤተሰብ ውስጥ ሌላ ወጥመድ አለ። የ1938ቱ አጭር ካርካኖ ሲጀመር የተሠራው በ7.35 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ጦርነቱ ሲመጣ ጣሊያን ወደ 6.5 ተመለሰች። ሁለቱ ከውጭ ሲታዩ መንትያ ናቸው። ባለ 7.35ቱ በኋላኛው ማነጣጠሪያ ሥር ካሊበሩ ተጽፎበታል፤ ቢሆንም ከጽሑፉ ይልቅ አፈሙዙን እመኑ፣ ክፍሎች ከጠመንጃ ጠመንጃ ተለዋውጠው ሊሆን ይችላልና።

የምለካው እንዲህ ነው። መዝጊያውን አወጣለሁ፣ አፈሙዙን አጸዳለሁ፣ በቀጭኑ ዘይት እቀባለሁ። ከቦዩ ስፋት ትንሽ የሚበልጥ ንጹሕና ለስላሳ የእርሳስ ድብልብል (የዓሣ ማጥመጃ ማጥለቂያ እርሳስ ይሆናል) በአፈሙዙ ጫፍ ላይ አስቀምጬ በእንጨት መዶሻ እመታዋለሁ፤ ስትገባ ዙሪያዋ ተላጭቶ የእርሳስ ቀለበት በጫፉ ላይ ይቀራል። ከዚያ በናስ ዘንግ ቀስ እያልኩ እገፋታለሁ። የእንጨት ዘንግ አልመክርም፣ ውስጥ ተሰንጥቆ ሊሰነቀር ይችላል። እጅ ብዙ ይናገራል፦ እርሳሱ አንድ ቦታ ላይ ከብዶ ሌላው ላይ በድንገት ቢቀል፣ እዚያ አፈሙዙ ሰፍቷል ወይም ተበልቷል። በሌላው ጫፍ የምትወጣው እርሳስ ላይ ከፍ ያለው ክፍል የቦዩ ወለል ነው፤ እሱን በማይክሮሜትር እለካለሁ። በእኔ ካርካኖ 6.83 ወጣ።

ይህ ቀላል የሚሆነው ቦዮቹ አራት ሲሆኑ ነው፤ አንዱ ቦይ ከሌላው ፊት ለፊት ይውላል። ማውዘር፣ ካርካኖና ውጅግራ አራት ቦይ አላቸው። የተለመደው ሊ-ኤንፊልድ ግን አምስት ቦይ ስላለው በእርሳሱ ላይ ከአንዱ ከፍታ ፊት ለፊት ያለው ዝቅታ ነው፤ ተራ ካሊፐር ትክክለኛውን ልክ አይሰጥም። ለዚህ የ«ቪ» ቅርጽ መደገፊያ ያለው ማይክሮሜትር ያስፈልጋል፤ የሌለው ሰው ከማሽን ሠራተኛ ዘንድ ወስዶ ቢያስለካ ይሻላል። የሊ-ኤንፊልድ አፈሙዞች ደግሞ ልካቸው በጣም ይለያያል፤ ካሊበሩ 0.303 ኢንች ተብሎ ቦዩ 0.312 ይሆናል፣ 0.315 የደረሰም አይታጣም።

እስካሁን የተናገርኩት ስለጠበበ አረር ነው። የሰፋ አረር ግን ሰው ይጎዳል። ጀርመን በ1888ቱ ጠመንጃዋ የተጠቀመችበት አረር 8.08 ሚሊ ሜትር ነበር፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሾጣጣውን አዲስ አረር ስታመጣ 8.2 አደረገችው። ቀልሃው ግን አንድ ነው፣ ስለዚህ አዲሱ ጥይት በአሮጌው ጠመንጃ መጉረሻ (ጥይቱ በሚቀመጥበት ክፍል) ውስጥ ያለ ችግር ይገባል፤ ጠባብ አፈሙዝ ሲያገኝ ግፊቱ ከልክ በላይ ይወጣል። ቤልጅግ የተሠራው ከዚያ ለውጥ በኋላ ስለሆነ ለ8.2ው ነው፤ የ1888 ጠመንጃ በእጁ ያለ ሰው ግን ሳይለካና ባለሙያ ሳያሳይ ጥይት አያጉርስ። ጥይት መጉረሱ ብቻውን ትክክለኛ ነው ማለት አይደለም።

ቬተርሊንም እዚሁ ላንሳ። ጣሊያን የ1870ውን ባለ 10.4 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አፈሙዙ ውስጥ ሌላ ቱቦ ከትታ ወደ 6.5 ቀይራዋለች። መዝጊያው የተነደፈው ለጥቁር ባሩድ ስለሆነ የካርካኖን ግፊት እንዲሸከም አልታሰበም። እኔ የተቀየረውን ቬተርሊ አልተኩስም፣ ማንም እንዲተኩስ አልመክርም፤ ግድግዳ ላይ ክብሩ ይበቃዋል። ያልተቀየረው ግን ለእኛ የተለየ ዋጋ አለው፤ በ1896 አድዋ ላይ በሁለቱም ወገን ከተያዙት ጠመንጃዎች አንዱ ነውና።

አሁን ያለሁት ውጅግራ ላይ ነው። አረሩ ወረቀት የሚጠቀለልበት እርሳስ ስለሆነ ከአፈሙዙ በተጨማሪ የመጉረሻውንም ቅርጽ መቅዳት ያስፈልጋል። ለዚህ ሴሮሴፍ የሚባል፣ ከፈላ ውሃ ባነሰ ሙቀት የሚቀልጥ ብረት አለ። መጉረሻው ውስጥ ፈስሶ ሲረጋ መጀመሪያ ይኮማተራል፣ ከዚያ መልሶ ይሰፋል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ የመጉረሻውን እውነተኛ ልክ ይይዛል። ስለዚህ ሰዓት አጠገቤ አስቀምጬ ነው የምለካው። የመጉረሻው አንገት ከጠበቅሁት ሰፋ ብሎ ወጥቷል፤ ዝገት የበላው ይሁን በኋላ የተቦረቦረ ለመለየት ሁለተኛ ቅርጽ ላወጣ ነው።

ውጅግራ ያላችሁ ካላችሁ የመጉረሻችሁን አንገት ልክና በመዝጊያው ቤት ላይ ያለውን የፋብሪካ ስም ጻፉልኝ። የይሁዳ አንበሳ ያለበት ቤልጅግ ያላችሁም ተከታታይ ቁጥሩን ሸፍናችሁ የማኅተሙን ፎቶ ብታጋሩኝ፣ የቅርጹን ልዩነት እያሰባሰብኩ ነው።