ባለርስቱ፣ ጫማ ሰፊው እና አረንጓዴው ጠረጴዛ

ከዋሽንግተን በሌሊት ተነሥተን ፊላደልፊያ ስንደርስ ገና ረፋድ ነበር። ልጄ ስለ አሜሪካ ሕገ መንግሥት ጽሑፍ እንድታቀርብ በትምህርት ቤት ስለታዘዘች፣ ሕጉ የተረቀቀበትን የነጻነት አዳራሽ በዐይኗ እንድታየው ብዬ ነው ይዣት የሄድሁት።

ጉባኤው የተካሄደበት ክፍል ከጠበቅሁት ያነሰ ነው። አረንጓዴ ጨርቅ የለበሱት ጠረጴዛዎች ፊታቸውን ወደ ሊቀ መንበሩ ወንበር አዙረው ተደርድረዋል፤ ጆርጅ ዋሽንግተን የተቀመጠበት ያ ወንበር ከነመደገፊያው፣ በአናቱም ላይ ከተቀረጸችው ግማሽ ፀሐይ ጋር ዛሬም በቦታው አለ። እ.ኤ.አ. ከሜይ 25 እስከ ሴፕቴምበር 17 ቀን 1787 ድረስ ከ12 ግዛቶች የመጡ 55 ሰዎች እዚህ ተከራከሩ፤ በመጨረሻ የፈረሙት 39 ናቸው።

«አባዬ፣ ሥራቸው ምን ነበር?» አለችኝ።

ጥያቄዋ ቀኑን ሙሉ አልለቀቀኝም። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሕግ የተማሩ ነበሩ፤ የቀሩት በአብዛኛው ነጋዴዎችና ሰፋፊ እርሻ ያላቸው ባለርስቶች ሲሆኑ፣ ከ55ቱ መካከል 25 ያህሉ የባሪያ ጌቶች ነበሩ። በዚያ ዘመን አብዛኛው የአገሩ ሕዝብ ከቤተሰቡ ጋር ትንሽ መሬት እያረሰ የሚኖር ገበሬ ሆኖ ሳለ፣ በጠረጴዛዎቹ ዙሪያ እርሱን የሚመስል ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ሴት፣ ጥቁርና የምድሩ ነባር ነዋሪ ጨርሶ አልነበሩም።

ከዝቅተኛ ቤተሰብ የወጡ ግን ነበሩ። ቤንጃሚን ፍራንክሊን የሳሙናና የሻማ ሠሪ ልጅ ነው። የኮነቲከቱ ሮጀር ሼርማን ደግሞ ከአባቱ የተማረው ጫማ መስፋት ነበር፤ በኋላ መሬት ለካ፣ ነገደ፣ በራሱ ጥረት ሕግ ተምሮ ዳኛ ሆነ። የእጅ ባለሙያ በሚናቅበት አገር ላደግሁት ለእኔ፣ አንድ ጫማ ሰፊ ከባለርስቶች እኩል ተቀምጦ ሕገ መንግሥት ሲያረቅ ማሰብ ልብ የሚነካ ነገር ነው።

ኦገስት 28 ቀን የሆነው ግን የሰዎቹን ኑሮና የሕጉን ቃል አንድ ላይ ያሳየናል። የሳውዝ ካሮላይናው ፒርስ በትለር፣ የአየርላንድ መኳንንት ልጅ፣ በጋብቻም ከአንድ ባለጸጋ ባለርስት ቤተሰብ ጋር የተዛመደ ሰው፣ ከቻርለስ ፒንክኒ ጋር ሆኖ የሚኮበልሉ ባሪያዎች እንደ ወንጀለኛ ተይዘው ለጌቶቻቸው እንዲመለሱ ሐሳብ አቀረበ። ሼርማን መንግሥት ባሪያን ወይም አገልጋይን አሳዶ ለጌታው የሚያስረክብበት ምክንያት፣ የጠፋ ፈረስን ከሚያስረክብበት ምክንያት እንደማይበልጥ ተናገረ። ንግግሩ ለባሪያው ነጻነት መሟገት አልነበረም፤ ሰውን ከፈረስ ጋር ማነጻጸሩ ራሱ ያሳዝነኛል። በትለር ሐሳቡን ለጊዜው ቢተወውም በማግስቱ አጻጻፉን ለውጦ መልሶ አቀረበው፤ በዚያ ሁሉ ጠበቃ፣ ነጋዴና ባለርስት መካከል አንድም ተቃዋሚ ሳይገኝ አለፈ። በአራተኛው አንቀጽም ገባ፤ «ባሪያ» የሚለው ቃል ግን አልተጻፈበትም።

ከአዳራሹ ወጥተን ጥቂት እንደተራመድን፣ በስድስተኛውና በማርኬት ጎዳናዎች መገናኛ ላይ፣ ዋሽንግተን ፕሬዚዳንት ሆኖ የኖረበት ቤት የነበረበትን ቦታ አገኘን። በዚያ ቤት ያገለገሉ የዘጠኝ ባሪያዎች ስም በግድግዳ ላይ ተቀርጿል። ልጄ ጣቷን ያሳረፈችበት የኦኒ ጀጅ ስም ነበር። ኦኒ እ.ኤ.አ. በ1796 ጌቶቿ እራት ላይ ሳሉ ከቤቱ ወጥታ በመርከብ ወደ ኒው ሃምፕሸር ኮበለለች። ዋሽንግተን ሰው ልኮ ሊያስመልሳት ቢሞክርም አልተሳካለትም። እ.ኤ.አ. በ1848 እስክትሞት ድረስ ግን፣ በዚያ ክፍል ያለ ተቃውሞ በጸደቀው አንቀጽ መሠረት፣ ኮብላይ ባሪያ እንደሆነች ኖረች።